ደማቆቹን ከዋክብት ለእኛ ተዉልን፦ ለእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ባለሙያዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች፣
በየዩኒቨርሲቲው ሥነ ፈለክ ለምታስተምሩ መምህራን፣
እንዲሁም በሱሉልታ፣ በሰንዳፋ፣ በሆለታ መንገድ፣ በሰበታና በአቃቂ ዳርቻ ካሜራ ይዛችሁ ሰማይ ለምትመለከቱ ሁሉ፤

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በአዲስ አበባ ዙሪያ በተራ ካሜራ የከዋክብትን ድምቀት የምንለካ አማተሮች ነን። የምንጠይቀው ገንዘብ ወይም ሕንፃ አይደለም። የእኛና የእናንተ ልኬት በአንድ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ሊቀመጥ የሚችል እንዲሆን ነው የምንፈልገው። ለዚህም ከእኛ የሚጠበቀውንና ከእናንተ የምንጠብቀውን ከነዝርዝሩ እናስቀምጣለን።

በመጀመሪያ አንድ ስሌት። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖች የመስታወታቸው ስፋት እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ነው። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 4 ላይ (ቀዳዳው የ50 ሚሊ ሜትሩ አንድ አራተኛ) ሲሆን ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ 12.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ብርሃን በመሰብሰብ አቅም ልዩነታቸው 6400 እጥፍ ይሆናል፤ ይህም ወደ 9.5 ማግኒቲውድ ነው። (ማግኒቲውድ የከዋክብት ድምቀት መለኪያ ነው፤ 5 ማግኒቲውድ ልክ 100 እጥፍ ነው፤ 1 ማግኒቲውድ ደግሞ 2.512 እጥፍ። ኮከቡ ሲደበዝዝ ቁጥሩ መጨመሩ አዲስ ሰውን ግራ ያጋባል፤ ከጥንቶቹ ግሪኮች የወረስነው ጣጣ ስለሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም።) ስለዚህ በዓይን የሚታይ 4ኛ ማግኒቲውድ ኮከብ ለእኛ ሌንስ የሚሰጠውን ያህል ብርሃን፣ ለትልቁ መስታወት 13.5 ማግኒቲውድ የሆነ ኮከብ ይሰጠዋል። ደማቁ ኮከብ ወደዚያ መስታወት ከገባ ፒክስሎቹ ወዲያው ሞልተው ይፈሳሉ። የሞላ ፒክስል ደግሞ ከሞላ በኋላ ስንት እንደተጨመረበት አይነግርም።

ሌላው ጉዳይ የእይታ ስፋት ነው። ድምቀት የሚለካው በማነጻጸር ነው፤ ለደማቅ ኮከብ የሚሆን ደማቅ ጎረቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ 5 ወይም 10 ዲግሪ ይርቃል። በትልቅ ቴሌስኮፕ አንድ ምስል ውስጥ ሁለቱ አብረው አይገቡም። የእኛ ሌንስ ግን 25 በ17 ዲግሪ ገደማ የሚሆን ሰማይ በአንዴ ያያል። ትልቅ በተባለ ቁጥር ችግሩ ይብሳል፤ በቺሌ የሚገኘው 8.4 ሜትሩ የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ ከ16ኛ ማግኒቲውድ ገደማ በላይ የሚደምቁት ኮከቦች ፒክስሉን ይሞሉበታል። ደማቆቹ ከዋክብት ባለቤት ያጡ ናቸው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይህ የሥራ ክፍፍል አዲስ ነገር አይደለም። ኤኤቪኤስኦ የተባለው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ከዋክብት (ድምቀታቸው የሚቀያየር ከዋክብት) ታዛቢዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1911 የተመሠረተው የሃርቫርዱ ኤድዋርድ ፒከሪንግ የአማተሮችን ልኬት ስለፈለገው ነው። ዛሬ በመዝገቡ ከ40 ሚሊዮን በላይ ልኬቶች አሉት፤ ለማንኛውም ተመራማሪም ክፍት ነው። ሐብል ቴሌስኮፕ በድንገት የሚፈነዱ ጥንድ ከዋክብትን ከማየቱ በፊት፣ ኮከቡ በዚያ ሰሞን ጸጥ ማለቱን ከምድር ሆነው የሚያረጋግጡለት አማተሮች ናቸው፤ በፍንዳታ ላይ ያለ ኮከብ የመሣሪያውን ዳሳሽ ሊጎዳው ይችላልና። ኤስኤስ ሲግኒ የተባለው ኮከብ በሬዲዮ ቴሌስኮፖች ርቀቱ የተለካውም (ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ፤ 114 ፓርሴክ ገደማ፤ 1 ፓርሴክ 3.26 የብርሃን ዓመት ነው) አማተሮች «አሁን ፈነዳ» ብለው ስለጠቆሙ ነው። በሬዲዮ የሚታየው በፍንዳታው ጊዜ ብቻ ነበር።

ቤተልጂውስንም ማንሳት ያስፈልጋል፤ ለእኛ ሰማይ የቅርብ ነውና። ይህ ኮከብ በአዲስ አበባ አናት ላይ ማለት ይቻላል የሚያልፍ ነው፤ ከፍታው 88 ዲግሪ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 ኤድዋርድ ጊናን፣ ሪቻርድ ዋሳቶኒክና ባልደረባቸው እየደበዘዘ መሆኑን አሳወቁ፤ በየካቲት 2020 ወደ 1.6 ማግኒቲውድ ወረደ። ኮከቡ ራሱ የተፋው አቧራ ከፊሉን እንደጋረደው በኋላ ታወቀ። ያ ማስታወቂያ ሊወጣ የቻለው ለዓመታት በትንሽ መሣሪያ ሳይሰለቹ የለኩት ሰዎች ስለነበሩ ነው። የመደበኛውን ድምቀት መዝገብ ያልያዘ ሰው መደብዘዙን በምን ያውቃል?

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። እዚህ ላይ ረዘም እንላለን፤ አብዛኛው የአማተር ልኬት የሚበላሸው እዚህ ነው።

የሚያስፈልገው ሌንሱ የሚፈታ ዲኤስኤልአር ወይም ሚረርለስ ካሜራ፣ 50 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ የማይንገዳገድ ትራይፖድ እና ላፕቶፕ ነው። ካሜራው በራው (ዳሳሹ የለካውን ሳይቀነባበር በሚይዝ) ፋይል ብቻ ይቅረጽ። ጄፔግ የተባለው ፋይል ለዓይን እንዲያምር ብርሃኑን በጥምዝ መስመር ስለሚያዛባው፣ እጥፍ ብርሃን እጥፍ ቁጥር አይሰጥም፤ ለልኬት አንድም ጥቅም የለውም። የካሜራው የምስል ብናኝ (ኖይዝ) ማጥፊያ፣ የሌንስ ማስተካከያ፣ አውቶማቲክ የሚባል ነገር ሁሉ ይጠፋ። አይኤስኦ (ካሜራው ምልክቱን የሚያጎላበት ቁጥር) ከ100 እስከ 400፤ ከዚያ በላይ መጨመር ኮከቡን ለዓይን ያደምቀው እንደሆነ እንጂ ተጨማሪ ብርሃን አያመጣም፤ ቶሎ እንዲሞላ ብቻ ያደርገዋል። ሌንሱን እስከ መጨረሻው አትክፈቱት፤ በኤፍ 1.8 የምስሉ ጥግ ከመሐሉ ግማሽ ብርሃን እንኳ ላያገኝ ይችላል። ኤፍ 4 ይበቃል።

ፎኩሱን ሆን ብላችሁ አበላሹት። ይህን ስንል ሁሌም ሰው ይስቃል። ነገር ግን የካሜራ ዳሳሽ እንደ ሰበዝ ሥራ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ፒክስል የተፈራረቀ ነው። ስል ሆኖ የተነሣ ኮከብ አንዴ ቀዩ ላይ፣ አንዴ አረንጓዴው ላይ ያርፋል፤ ያኔ ድምቀቱ ሳይለወጥ ቁጥሩ ይዋዥቃል። ኮከቡ ከ8 እስከ 10 ፒክስል የሚሰፋ ክብ እስኪሆን አደብዝዙት። ሁለቱ ከዋክብት የሚነካኩ ከሆነ ግን አልፋችኋል ማለት ነው።

ሰማይ በሰከንድ 15 የቅስት ሰከንድ ይዞራል (የቅስት ሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ነው)። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስና 4 ማይክሮን ፒክስል ያለው ካሜራ በ5 ሰከንድ ውስጥ ኮከቡን ወደ 4 ወይም 5 ፒክስል ይጎትተዋል፤ ይህ ምንም አይደለም። በ20 ሰከንድ ግን ቋሊማ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 5 ሰከንድ 20 ምስል አንሡ። ብዛቱ የሚያስፈልገው ለከዋክብት ብልጭልጭታ ነው፤ አየሩ በአንዱ ምስል ያጎደለውን በሌላው ይሞላዋልና አማካዩ ይረጋጋል። ባለ 14 ቢት ካሜራ ጣሪያው 16383 ነው፤ የኮከቡ ደማቁ ፒክስል ከ11000 እንዳይበልጥ ተመልከቱ።

በመጨረሻ፣ እዚያው ብርዱ ውስጥ እያላችሁ፣ የሌንሱን ክዳን ገጥማችሁ በተመሳሳይ አይኤስኦና በተመሳሳይ ሰከንድ 20 የጨለማ ምስል (ዳርክ) አንሡ። ቤት ገብታችሁ ከሆነ አይሠራም፤ ዳሳሹ ውስጥ በሙቀት የሚፈጠረው ትርፍ ምልክት በየ6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እጥፍ ስለሚሆን፣ የሱሉልታ ሌሊትና የሳሎን ሙቀት አይገናኙም። ለጥግ መጨለም ማረሚያው ደግሞ ፍላት ነው፦ ፀሐይ እንደጠለቀች ሌንሱ ላይ ነጭ ቲሸርት ወጥራችሁ ወደ አናት በማዞር 20 ምስል አንሡ። ከዚያ ወዲያ ፎኩሱንም ኤፍ ቁጥሩንም አትንኩ፤ ከነካችሁ ፍላቱ የሌላ ሌንስ ፍላት ሆነ ማለት ነው። ለምርመራው አስታፕ ወይም ሲሪል የተባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ይበቃሉ። የአረንጓዴው ፒክስል ውጤት ባለሙያዎች ቪ ለሚሉት፣ አረንጓዴና ቢጫ ብርሃን ለሚያሳልፈው ማጣሪያ ይቀርባል፤ ነገር ግን እሱ ራሱ አይደለም። ወደዚህ እንመለሳለን።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። ዜታ ጀሚኖረም የምትባለው ተለዋዋጭ ኮከብ በ10.15 ቀን ከ3.6 ወደ 4.2 ማግኒቲውድ ወርዳ ትመለሳለች። ማነጻጸሪያዋ ካፓ ጀሚኖረም ትሁን፤ ድምቀቷ 3.57 ነው። ከ20 ምስል አማካይ ካፓ 84000፣ ዜታ 62000 ቢሰጡ፣ ጥምርታው 0.738 ነው። የዚህ ሎጋሪዝም በ2.5 ተባዝቶ ምልክቱ ሲገለበጥ 0.33 ይሆናል፤ ዜታ በዚያ ሌሊት 3.90 ናት ማለት ነው። ማረጋገጫ ኮከብም ያስፈልጋል፤ አዮታ ጀሚኖረም 3.79 ናት። በዚያው ስሌት አዮታ 3.79 አካባቢ ካልወጣች የዜታንም ቁጥር አትመኑት። በዓይን የማይታይ ስስ ደመና እንዳለፈ የምናውቀው በዚህ ነው። በዚህ መንገድ ከ0.02 እስከ 0.03 ስሕተት ማግኘት ይቻላል። ካሜራ የሌለው ሰው በዓይኑ በሁለት ከዋክብት መካከል እየገመተ ከ0.1 እስከ 0.2 ያደርሳል፤ በ332 ቀን ከ3 ወደ 9 ማግኒቲውድ ለምትዋዥቀው ሚራ ያ ከበቂ በላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር የእኛ ብቻ ነው፤ የሌላ አገር መመሪያ ውስጥ አታገኙትም። ሰዓትና ቀን!

የሥነ ፈለክ መዝገብ የሚቀበለው የዓለም አቀፉን ሰዓትና የጁሊያን ቀን (ቀናትን ያለ ወርና ዓመት በተከታታይ ቁጥር የሚቆጥረውን) ነው። እኛ ግን ሰዓታችን ከፈረንጁ አቆጣጠር በ6 ይለያል፣ ያም ራሱ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ይቀድማል፤ ዘመን አቆጣጠራችን በሰባትና በስምንት ዓመት ይለያል፤ በዚህ ላይ ሌሊቱ የየትኛው ቀን እንደሆነ አንስማማም። አንዱ «የእሑድ ሌሊት» ሲል ሌላው ያንኑ ሌሊት «ለሰኞ አጥቢያ» ይላል፤ ሦስተኛው በስልኩ ካላንደር ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሰኞ ብሎ ይጽፋል። ለአሥር ቀን ኮከብ የአንድ ቀን ስሕተት የድምቀቱን መለዋወጥ የሚያሳየውን ኩርባ ያፈርሰዋል። ምሳሌ እንስጥ፦ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. እሑድ ከምሽቱ 3 ሰዓት የተነሣ ምስል፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት ኖቬምበር 30 ቀን 2025፣ 18:00 ነው፤ የጁሊያን ቀኑ 2461010.25። በዚያው ሌሊት ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተነሣው ደግሞ 23:00፣ ማለትም 2461010.458። የጁሊያን ቀን የሚለወጠው በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስለሆነ የኢትዮጵያ ሌሊት ሁሉ ከምሽት እስከ ንጋት በአንድ ቁጥር ውስጥ ይውላል። ከዚህ የሚመች የለም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የካሜራውን ሰዓት በቀጥታ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ሙሉት፣ በየምሽቱ የስልኩን ሰዓት አንድ ፎቶ አንሡበት (የካሜራ ሰዓት በየሳምንቱ በሰከንዶች ይሸሻል)፣ በማስታወሻችሁ ላይ ግን የፈለጋችሁትን ጻፉ።

ስለ ቦታም አንድ ነገር። የከተማው ብርሃን ለሱሉልታ ሰው በደቡብ ነው፣ ለአቃቂና ለቱሉ ዲምቱ ሰው በሰሜን። አዲስ አበባ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች በሰሜን በፐርሲየስ ኅብረ ኮከብ ካለው አልጎል እስከ ደቡቡ ኮከብ ኢታ ካሪኔ ድረስ ይታያል፤ አልጎል 58 ዲግሪ ሲወጣ ኢታ ካሪኔ ከ21 ዲግሪ አይበልጥም። ኢታ ካሪኔን ከሱሉልታ ለመለካት መሞከር በእንጦጦ ጀርባ በኩል ከተማውን መለካት ነው። ስለዚህ የሰሜኑን ለሱሉልታና ለሰንዳፋ፣ የደቡቡን ለአቃቂ በኩል ብናካፍለው ይሻላል። አናት ላይ የሚያልፉት ቤተልጂውስ፣ ሚራና አር ሊዮኒስ የሁላችንም ናቸው።

ከ30 ዲግሪ ከፍታ በታች የኮከቡ ብርሃን ከአናቱ ከሁለት እጥፍ የበለጠ አየር ያቋርጣል። ቤተልጂውስን ከአልደባራን ጋር ስታነጻጽሩ 21 ዲግሪ ገደማ ይራራቃሉ፤ አንዱ 60፣ ሌላው 40 ዲግሪ ላይ ከሆኑ በአየሩ ልዩነት ብቻ ወደ 0.08 ማግኒቲውድ ትስታላችሁ፤ እኩል ከፍታ ላይ እስኪደርሱ ጠብቁ። ምሽት ላይ ደግሞ የኩበትና የባሕር ዛፍ ጭስ በሸለቆው ይተኛል፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት የተነሣ ምስል ከዳገቱ ይልቅ በረባዳው ስፍራ ይበላሻል። ኅዳር 12 ቀን ኅዳር ሲታጠን ካሜራችሁን ይዛችሁ አትውጡ፤ ወይም ውጡና ጭሱ ስንት ማግኒቲውድ እንደሚያጎድል ለኩ፤ እሱም ራሱ ውጤት ነው። ለታኅሣሥ ጤዛና ውርጭ የካርቶን መከለያ በሌንሱ ዙሪያ ጠቅልሉ፤ ትርፍ ባትሪ በኪስ ሙቀት ይያዝ። ስለ ጅቡ መምከር የኛ ድርሻ አይደለም።

ወደ እናንተ እንመለስ፣ የተከበራችሁ ባለሙያዎች።

የመጀመሪያው ጥያቄያችን የቀለም ማስተካከያ ነው። የካሜራችን አረንጓዴ ከቪ ማጣሪያ ስለሚለይ፣ እንደ ቤተልጂውስ ቀይ የሆነ ኮከብ ከነጭ ኮከብ ጋር ሲነጻጸር ስሕተቱ እኛ ከምንመካበት 0.02 ይበልጣል። እያንዳንዱ ካሜራ የራሱ ቁጥር አለው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ካሜራዎቻችንን ሰብስበን ድምቀታቸውና ቀለማቸው በታወቁ ከዋክብት ላይ የምንፈትንበትን ሌሊት ምሩልን፤ ስሌቱንም ተመልክታችሁ አጽድቁልን። ከእናንተ የሚጠይቀው አንድ ሰውና አንድ ሌሊት ነው።

ሁለተኛው፣ የምትፈልጉትን ንገሩን። ስድስት ወይም ሰባት ከዋክብት፣ ስንት ጊዜ መለካት እንዳለባቸው፣ ማነጻጸሪያቸው የትኛው እንደሆነ የሚገልጽ አንድ ገጽ ይበቃል። ሁሉም በየፊናው ማነጻጸሪያ ሲመርጥ ልኬቶቹ አይገጣጠሙም። የኮከብ ስፔክትረም (በቀለም ተዘርግቶ የሚታይ ብርሃኑን) ልታነሡ ስታስቡም ቀኑን አስቀድማችሁ ጠቁሙን፤ ስፔክትረም ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው የብርሃኑን ክፍፍል ስለሆነ፣ በዚያው ሌሊት የተለካ የቪ ድምቀት ካለ ወደ ትክክለኛ የብርሃን መጠን መቀየር ይቻላል።

በ80 ዓመት ገደማ አንዴ የምትፈነዳውን ኮከብ፣ ቲ ኮሮኔ ቦሪያሊስን፣ ለብቻዋ እናነሣለን። በ1866 እና በ1946 እ.ኤ.አ. ፈንድታለች፤ በተለመደው ቀን 10ኛ ማግኒቲውድ ገደማ ናት፣ ስትፈነዳ ወደ 2 ትደርሳለች፣ በሳምንት ገደማ ደግሞ ከዓይን ትጠፋለች። የምትፈነዳበትን ሌሊት አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ለእኛ የሚመቸው ከጥር እስከ ግንቦት ነው፤ ከዚያ በኋላ በምሽት ሰማይ ላይ ከፍ ብላ የምትታይበት ወራት ክረምታችን ነው። በነዚያ ደረቅ ወራት በፈረቃ ልንጠብቃት ዝግጁ ነን። ነገር ግን አንዳችን ከሌሊቱ 9 ሰዓት «ደምቃለች» ቢል የሚደውልለት ሰው ማን ነው? አንድ ተረኛ፣ አንድ ስልክ ይኑር።

ሦስተኛው፣ መልስ ስጡን። ልኬታችን መጥፎ ከሆነ ጣሉት፤ ለምን እንደጣላችሁት ግን በአንድ መስመር ጻፉልን። የአማተር ልኬት የሚሻሻለው በዚያች መስመር ነው። ልኬቱ በጥናት ላይ ከዋለም የለካው ሰው ስም የት እንደሚጻፍ ከመጀመሩ በፊት እንነጋገር፤ ከወጣ በኋላ መከራከር ለማንም አያምርም።

እኛ ደግሞ እነዚህን እንጠብቃለን። ከመለካታችን በፊት ሌላው ሰው ያገኘውን ቁጥር አንመለከትም። ከኩርባው የወጣ ነጥብ ስላላማረን አንሰርዝም፤ ምልክት አድርገንበት እንተወዋለን። ኮከቡ ካልታየንም «ከዚህ በታች ነው» ብለን እንመዘግባለን፤ አለመታየቱም ልኬት ነው። ራው ፋይሎቹን ቢያንስ ለሦስት ዓመት እናስቀምጣለን። በቴሌግራም ስንልክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንልካለን፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ከልኬትነቱ ይወጣል።

ለመነሻ የምናቀርበው ዜታ ጀሚኖረምን ነው፤ ኩርባዋ በደንብ ስለሚታወቅ ያጎደልነው ነገር ካለ ወዲያው ይጋለጣል። ከታኅሣሥ 1 እስከ የካቲት 30 ዘጠኝ ያህል ዙር ትሰጠናለች። ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋና ከአቃቂ በየጠራው ሌሊት እንለካታለን፤ መጋቢት ላይ ፋይሎቹን ከነዳርኩ፣ ከነፍላቱና ከነሰዓት ፎቶው ይዘን እንጦጦ እንወጣለን። ጠረጴዛና አንድ ተቺ ባለሙያ ብቻ ይዘጋጅልን።

ከአክብሮት ጋር፣
በአዲስ አበባ ዙሪያ ተለዋዋጭ ከዋክብትን የሚለኩ አማተሮች